ጸሐይ የተጋረደችበት ቀን ሁሉ የቀዘቀዘ ቀን አይደለም

ኦቫክ በሆነ ቀን በየሰፈራችን ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ቃል አለ። «ዛሬ ደህና ነው፣ ጸሐይዋ ተጋርዳለች፣ ወጣ ብለን እንመለስ» ይባላል። ሰማዩ ቢጫ ወይም ግራጫ ሆኖ፣ ጸሐይዋም እንደ ጨረቃ ደብዝዛ ስትታይ ሰው ቀኑ የበረደ ይመስለዋል። ከዚያ ወደ ሱቅ፣ ወደ ልቅሶ፣ ወደ ጸሎት ቤት በእግሩ ይነሳል። ማታ ደግሞ ደረቱ ይታፈናል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ሌሊቱንም በሙቀት ሲገላበጥ ያድራል። ጸሐይ በሌለበት ቀን ይህ ሁሉ ከየት መጣ?

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። ስለ አቧራና ስለ ጢስ ስናወራ «ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?» ብለን ብቻ እንጠይቃለን። ሌላ ጥያቄ አለ፣ እሱም ከዚህ አያንስም። አቧራው የት ከፍታ ላይ ነው ያለው? ያው አንድ ዓይነት ብናኝ ከፍ ብሎ ሲቀመጥና ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ሥራው ለየቅል ነው። ከፍ ብሎ የሚያልፈውን ልናስቆመው አንችልም። ዝቅ ብሎ አብሮን የሚኖረው ጢስ ግን አብዛኛው የሰው እጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ቃላችሁ የሚሰማ ሽማግሌዎች ይህን የታችኛውን ጢስ በማስቀነስ በኩል ቀድማችሁ መነሳት ይገባችኋል እላለሁ። ማስጠንቀቂያውም በሚገባን ቋንቋና በሚገባን መልክ እንዲነገረን አብረን እንጠይቅ።

የጎጆው ትምህርት

ይህን ነገር ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። በጎንደርም ሆነ በትግራይ ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በጎጆ ቤት ውስጥ እሳት ሲነድ ጢሱ ወደ ላይ ይወጣና ከሳር ክዳኑ ሥር ይከማቻል። ቆሞ የገባ ሰው ዓይኑ ያለቅሳል፣ ያስለዋልም። መደብ ላይ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ግን ደህና ሆኖ ጨዋታውን ይቀጥላል። ጢሱ ያው ነው፣ ቤቱም ያው ነው፤ የተለየው ከፍታው ነው። ከጣሪያው ሥር ያለው አየር ይሞቃል፣ ማገሩ በጥቀርሻ ይጠቁራል። ከእሳቱ ራቅ ብሎ መሬት ላይ የተኛው ልጅ ደግሞ ይበርደዋል።

ሁለተኛው ትምህርት ከቤት ውጭ ነው። በደጋ አገር ክረምቱ ወጥቶ፣ ሌሊቱ በጠራ ሰማይ ሲነጋ፣ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ይቀዘቅዛል። መሬቱን የነካው አየርም አብሮት ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፣ ሞቅ ያለው አየር ደግሞ ከላዩ ይቀመጥበታል። በእንዲህ ያለ ጠዋት ከየጎጆው የሚወጣው ጢስ ጥቂት ከፍ ይልና እንደ ጋቢ ተዘርግቶ መንደሩ ላይ ይቀራል። የሚበተነው ጸሐይ ወጥታ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነው።

ያ ከላይ የተቀመጠው የሞቀ አየር እንደ አክምባሎ ነው። አክምባሎ ምጣዱ ላይ ሲደፋ እንፋሎቱን እንደሚይዝ ሁሉ እሱም ጢሱን አፍኖ ይይዛል። ይህን አክምባሎ አደራ አትርሱት፤ የቀረው ጨዋታችን ሁሉ ወደ እሱ ይመለሳል።

ብናኙ ምን ይሠራል?

በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ብናኝ በጣም ደቃቅ ነው። የጤና ባለሙያዎች አብልጠው የሚፈሩት ከ2.5 ማይክሮሜትር የሚያንሰውን ነው። ማይክሮሜትር ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ጸጉር ውፍረቱ ወደ 70 ማይክሮሜትር ያህል ነውና፣ ይህ ብናኝ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ከዚህ ማየት ይቻላል። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቆሙትም። ወደ ሳንባ ጥልቅ ይወርዳል፣ ልብንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በዓመት አማካይ ሲታይ ይህ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም ባይበልጥ ይመከራል ብሏል።

ወደ ሙቀቱ ስንመጣ ደግሞ ቀለሙ ትልቅ ነገር ነው። ነጣ ያለ ብናኝ፣ ለምሳሌ የባሕር ጨውና ድኝ ካለበት ነዳጅ የሚፈጠረው፣ የጸሐይን ብርሃን መልሶ ይበትነዋል፤ መሬቱም ጥላ ያገኛል። ጥቁሩ ብናኝ፣ ማለትም ጥቀርሻው፣ ብርሃኑን ይውጠዋል። ራሱ ይሞቅና በዙሪያው ያለውን አየር ያሞቃል። በሐሩር ጥቁር ልብስ ለብሶ የቆመ ሰው ይህን በገላው ያውቀዋል። የበረሃ አቧራ በሁለቱ መካከል ነው፤ ከፊሉን ብርሃን ይመልሳል፣ ጥቂቱን ይውጣል። ሌሊት ሲሆን ደግሞ ከመሬት ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሙቀት ይይዝና ከፊሉን ወደ ታች ይመልሰዋል። ኦቫክ ባለበት ሌሊት ቤታችን አልበርድ ከሚልበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

አሁን ከፍታውን እንጨምርበት። ጥቀርሻው ከመሬት አጠገብ ከሆነ የሚሞቀው እኛ የምንተነፍሰው አየር ነው። ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ ግን የሚሞቀው ያ ላይኛው አየር ነው። መሬቱ ጸሐይ ስለተከለከለ በቀን ጥቂት ይቀዘቅዛል። ከላይ ሙቅ፣ ከታች ቀዝቃዛ ሆነ ማለት ነው፤ ስለዚህ አክምባሎው ተደፋ። አየሩ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ መገላበጡን ይቀንሳል። የመኪናው፣ የፋብሪካውና የእሳቱ ጢስ ታች ከእኛው ጋር ይቀራል። ከሰማይ የመጣው መጋረጃ የራሳችንን ጢስ መልሶ አሸከመን ማለት ነው።

ሌላም አለ። ጥቁሩ ብናኝ ከነጭ ደመና በላይ ከተቀመጠ ሁለት ጊዜ ይጎርሳል፤ አንድ ጊዜ ከጸሐይ የሚወርደውን ብርሃን፣ ሌላ ጊዜ ደመናው መልሶ ወደ ላይ የሚልከውን። ያው ብናኝ ከደመናው በታች ቢሆን ኖሮ በጥላ ውስጥ ስለሚሆን ያን ያህል አይሞቅም ነበር።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም፤ ተለክቷል። ቪራብሃድራን ራማናታን የሚባሉ የሕንድ ተወላጅ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው በማርች 2006 በማልዲቭ ደሴቶች ላይ ሦስት ትናንሽ ሰው አልባ አውሮፕላኖች በአንድ ጊዜ አበረሩ። አንዱ ከጢሱ በታች፣ አንዱ ጢሱ ውስጥ፣ አንዱ ከጢሱ በላይ ነበር። ከደቡብ እስያ እየተነሳ ባሕሩን የሚሸፍን ቡናማ ጢስ አለና እሱን ለመለካት ነው። ውጤቱ በ2007 ታተመ። ያ ጢስ ጸሐይ ለታችኛው የአየር ክፍል የምትሰጠውን ሙቀት በ50 በመቶ ያህል ጨምሮት ተገኘ። መሬት ላይ ብቻ ቆሞ የለካ ሰው «ጸሐይ ቀነሰች፣ ቀዘቀዘ» ብሎ ይሄድ ነበር። እውነቱ የተገኘው በሦስት ከፍታ ስለተለካ ነው።

ያ ቡናማ ጢስ ከምን እንደሚመጣ ስትሰሙ አይገርማችሁም። ከመኪናና ከፋብሪካ በተጨማሪ እንጨትና ኩበት ከሚነድበት ምድጃም ይመጣል። የእናቶቻችንን ዓይን ያበላሸው፣ ሳል ያወረሳቸው ጢስ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ የሚነድ እሳት ጢስ በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል። ከምድጃ የወጣው ጢስ ታች ሳለ ሳንባ ይጎዳል፣ ከፍ ሲል አየር ያሞቃል።

በሦስት ከፍታ የደረሰብን

የእኛ ሕዝብ ይህን ነገር በሦስቱም ከፍታ አይቶታል። ስሙን ሳናውቅ ኖረንበታል።

ዝቅተኛውን በሱዳን አየነው። በእግራችሁ ተጉዛችሁ በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩት ካምፖች የተቀመጣችሁ ሀቡብ የሚባለውን ነፋስ ታስታውሱታላችሁ። ከዝናብ ደመና ሥር የሚወርድ ቀዝቃዛ ነፋስ መሬቱን ጠርጎ እንደ ግንብ የቆመ አቧራ ይዞ ይመጣል። ቀኑን ጨለማ ያደርገዋል፣ በድንኳኑ ይገባል፣ በምግቡ ይገባል። ይህ ከመሬት የተነሳና መሬት ላይ ያለ አቧራ ነው፤ ወዲያውኑ የሚያገኘው ሳንባችንን ነው።

መካከለኛውን እዚህ አገር አየነው። በጸደይ ወራት፣ ከፔሳሕ ወዲህና ወዲያ፣ ሻራቭ ሲመጣ ከሰሜን አፍሪካ በረሃ የተነሳ አቧራ ባሕሩን አቋርጦ ይደርሳል። ይህ አቧራ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚጓዘው። ሰማዩ ቢጫ ሆኖ ሳለ መሬት ላይ ያለው መለኪያ ያን ያህል ላይጮህ ይችላል። ከፍ ያለው አቧራ ግን ከላይ ሆኖ አየሩን ያሞቃል፣ አክምባሎውን ይደፋል፣ ኋላም ቀስ እያለ ወደ እኛ ይወርዳል።

ከምሥራቅ፣ ከሶርያና ከኢራቅ በኩል የሚመጣው አቧራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ነው የሚገባው። በሴፕቴምበር 2015፣ ከሮሽ ሀሻና በፊት ባለው ሳምንት የሆነውን አስቡ። ኢየሩሳሌም ለቀናት በአቧራ ተሸፍና ነበር፣ ከአንዱ ኮረብታ ሌላው አይታይም ነበር። የአየር ትንበያ የሚሠሩት ሰዎች ሞዴሎቻቸው ያን ማዕበል በቅጡ አስቀድመው አላዩትም። ሁለቱንም በአንድ ስም ኦቫክ እንላቸዋለን። አመጣጣቸውና የሚያደርሱት ጉዳት ግን አንድ አይደለም።

ሦስተኛውና ከሁሉ ከፍ ያለው በሽሎሞ ዘመቻ ዓመት የመጣው ነው። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር መጡ። ልክ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ በጁን 15 ቀን፣ በፊሊፒንስ ፒናቱቦ የሚባል ተራራ ፈነዳ። ወደ 15 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የድኝ ጋዝ ደመና ወደማይደርስበት ከፍታ፣ ስትራቶስፌር ወደሚባለው ክፍል ወረወረ። እዚያ ዝናብ ስለሌለ የሚያጥበው የለም። በታችኛው አየር ያለ ብናኝ በቀናት ወይም በሳምንት ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ያለው ግን ከዓመት በላይ ቆየ፣ ዓለሙንም ሁሉ ዞረ።

ምን ሆነ? ብናኙ ያለበት ላይኛው አየር በምድር ወገብ በኩል ሁለትና ሦስት ዲግሪ ሞቀ። ታች ያለችው ምድር ግን በሚቀጥለው ዓመት በአማካይ በግማሽ ዲግሪ ያህል ቀዘቀዘች። ከላይ ሙቀት ከታች ብርድ፣ ከአንድ ብናኝ!

በዚህ አገር የ1991-92 ክረምት እጅግ ብርዳማና ዝናባማ ነበር። ኢየሩሳሌም በረዶ ለበሰች፣ ኪኔሬት ሞላ። አዲስ የመጡት ወገኖቻችን በሆቴልና በመቀበያ ጣቢያ ሆነው በብርድ ሲንቀጠቀጡ «የእስራኤል ክረምት እንዲህ ነው ወይ?» ብለው የጠየቁት ያን ጊዜ ነው። ክረምት የሚከብደው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ሳይንቲስቶች ግን የዚያን ዓመት ብርድ ከፒናቱቦ ጋር ያያይዙታል።

ኢላን ራሞን የተሸከመው ሥራ

ይህ ጉዳይ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር ወደ ጠፈር የወጣው ኢላን ራሞን ከያዛቸው ሥራዎች ዋነኛው ስለዚሁ አቧራ ነበር። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች ባዘጋጁት ካሜራ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የሚያልፈውን የበረሃ አቧራ ከላይ ሆኖ ይመለከት ነበር። ከሥራው መሪዎች አንዱ ፕሮፌሰር ዮአኪም ዮሴፍ ነበሩ። በልጅነታቸው በቤርገን ቤልዘን የናዚ ካምፕ በድብቅ ባር ሚጽቫ ያደረጉባትን ትንሽ የቶራ ጥቅልል ራሞን ይዟት የወጣው በእሳቸው ፈቃድ ነው።

በፌብሩዋሪ 1 መንኮራኩሯ ስትመለስ ተሰባበረች፣ ሰባቱም ተጓዦች አለፉ። ከመረጃው ከፊሉ ግን ቀደም ብሎ ወደ ምድር ተልኮ ስለነበር ተረፈ። እኔ ይህን የማነሳው እንድናዝን ብቻ አይደለም። «አቧራ ተራ ነገር ነው» ለሚል ሰው መልስ እንዲሆን ነው። አንድ አገር የመጀመሪያ ጠፈርተኛውን ሲልክ ይህን ሥራ ካሸከመው፣ እኛም ማስጠንቀቂያውን ሰምተን መስኮት መዝጋት አያቅተንም።

የእኛው አክምባሎ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንውረድ። በበጋ ወራት በባሕሩ ዳር ባሉ ከተሞች ላይ፣ ከአሽኬሎን እስከ ሐዴራና ሐይፋ፣ ከጥቂት መቶ ሜትር እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የሞቀ አየር በየቀኑ ማለት ይቻላል ተዘርግቶ ይቀመጣል። ይህ በተፈጥሮ የመጣ አክምባሎ ነው። የመንገዱና የፋብሪካው ጢስ ከሥሩ ይያዛል፣ ከሰዓት በኋላም የባሕሩ ነፋስ እየገፋ ወደ ኮረብታማው አገር ይወስደዋል። ሌሊት ደግሞ መሬቱ ሲቀዘቅዝ አክምባሎው ይበልጥ ዝቅ ይላል፤ ልክ እንደዚያ እንደ ደጋው መንደር።

በእንዲህ ያለ ሌሊት ነው ላግ ባዖሜር የሚመጣው። ልጆቻችን ሳምንታት ሙሉ እንጨት ሲለቅሙ ይሰነብታሉ። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ የተጣለ ሶፋ፣ ፕላስቲክ ሁሉ ወደ እሳቱ ይገባል። በዚያ ምሽት የአየር መለኪያዎቹ ሽቅብ ይወጣሉ፣ በማግስቱም የአስም ሕመምተኛ ይቸገራል። ያ ጢስ ከሰሃራ አልመጣም፣ ከፒናቱቦም አልመጣም። ከሕንጻችን ጀርባ ነው የተነሳው፤ ከፍታውም የአፍንጫችን ከፍታ ነው።

በየሜዳው የሚቃጠለው ቆሻሻም እንዲሁ ነው። በየዋናው መንገድ ዳር ባሉ አሮጌ ሕንጻዎች የምትኖሩ ደግሞ የናፍጣውን ጢስ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ መስኮቱን ስትጠርጉ ጨርቁ ላይ ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር ደፍሬ ልናገር፣ አትቆጡኝ። በአንዳንድ ቤቶቻችን ቡና ሲፈላ ከሰል ይነዳል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ መስኮቱም በማዝጋኑ ምክንያት ይዘጋል። ቡናችን ይፈላ፣ ጎረቤት ይጠራ፣ ወጉ አይቅር። ከሰል ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነድ። በጎጆው ጢሱ በሳር ክዳኑ እየሰረገ ይወጣ ነበር። የሕንጻው ቤት ሲሚንቶ ነው፣ መውጫ የለውም። ከሰል ደግሞ ከጢሱ ሌላ ሽታ የሌለው የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ማፍላት ወጉን አይሽረውም።

«ብናኝ የሚያቀዘቅዝ ከሆነ ለምን አይብዛ?»

ይህን የሚሉ አሉ። ምድር እየሞቀች ነው፣ ብናኝ ደግሞ ጥላ ነው፣ ታዲያ ምን አስጨነቃችሁ ይላሉ። አንዳንዶቹ ከዚህም አልፈው፣ እንደ ፒናቱቦ ያለ ብናኝ ሆን ብለን ስትራቶስፌር ላይ እንርጭ ይላሉ። በዚህ ሐሳብ የሚሠሩ ሰዎች በአገራችንም አሉ።

ክርክራቸው ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም፤ ፒናቱቦ ምድርን ማቀዝቀዙ እውነት ነው። ነገር ግን የኤላትን ባሕር ጠይቁ። በዚያው የ1992 ክረምት የባሕሩ ላይኛው ውኃ በብርድ ከብዶ ወደ ታች ሰመጠ፣ ውኃውም ከ800 ሜትር በላይ ጥልቀት ድረስ ተደባለቀ። ከሥር የወጣው ለም ውኃ አልጌ የሚባለውን የባሕር አረንጓዴ አበዛው፣ አልጌውም የኤላትን ኮራል አልብሶ ብዙውን ገደለው። ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የፈነዳ ተራራ ኤላት ላይ ይህን ያደርጋል ብሎ ያሰበ ማን ነበር? ከፍ ብሎ የተረጨ ነገር የት ምን እንደሚያደርስ አስቀድሞ መናገር ከባድ ነው። በዚህ ላይ ለመፍረድ አንድ ድርጅት ወይም አንድ አገር ብቻውን አይበቃም።

ዝቅ ያለው ጢስ ደግሞ ለጥላነት እንኳ አይሆንም። ጥቀርሻው ራሱ ያሞቃል። ነጣ ያለው ብናኝ ቢያቀዘቅዝም በሳንባችን በኩል ነው ዋጋውን የሚያስከፍለን። ጢስን እንደ ጥላ መቁጠር ለማገዶ ብሎ የራስን ቤት ምሰሶ እንደመቁረጥ ነው።

መልካሙ ዜና እዚህ ላይ ነው። እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው ጋዝ ብዙው ለዘመናት ሰማይ ላይ ይቆያል፤ ዛሬ ብናቆመው የልጅ ልጆቻችን እንኳ ዕዳውን ይከፍላሉ። ጥቀርሻ ግን ማንደዱን ካቆምን በሳምንት ገደማ ከአየሩ ይወርዳል። ዛሬ ያልነደደ እሳት ትርፉ የሚታየው በዚሁ ሳምንት ነው፣ በእኛው ዕድሜ ነው። ለሽማግሌ ከዚህ የተሻለ ሥራ ምን አለ?

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ኦቫክ ባለበት ቀን ጸሐይን አትመኑ። የሙቀቱንም የአየሩንም ማስጠንቀቂያ አንድ ላይ ጠይቁ፤ አንዱ ደህና ሲሆን ሌላው ክፉ ሊሆን ይችላልና። የልብ፣ የአስም ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁ በዚያ ቀን መስኮት ዘግታችሁ ቤት ዋሉ። ውኃ ጠጡ፣ አቧራውን ደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን እርጥብ ጨርቅ ያንሳው። መውጣት ግድ ከሆነ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ጭንብል አድርጉ። ደረት ከከበደ «ያልፋል» ብሎ መዋል አይገባም፤ ወደ ኩፓት ሆሊም ደውሉ። ልቅሶ ቤት በማግስቱ ቢደረስ ሐዘንተኛው አይቀየምም።

ሁለተኛው የእናንተን ቃል የሚፈልገው ነው። ለልጆቻችሁና ለልጅ ልጆቻችሁ በላግ ባዖሜር አንድ ሰፈር አንድ እሳት ይበቃል በሏቸው። እሳቱም በንጹሕ እንጨት ይሁን። በአንዳንድ ዓመታት በሐሩሩና በነፋሱ ምክንያት እሳት ማንደድ ተከልክሎ ነበር፤ በዓሉ ግን አልቀረም። ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን ይህን አንድ ጊዜ በጸሎት ቤት ቢናገሩ ከመቶ ማስታወቂያ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ኢሪያውንም መንግሥትንም እንጠይቅ። ይህች አገር በ2008 የንጹሕ አየር ሕግ አውጥታለች፣ መለኪያዎችም በየቦታው ቆመዋል። ቁጥር አለ። ቁጥሩ ግን ዕብራይስጥ ለማያነብ የ75 ዓመት አባት በምን ይድረሰው? ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ሬዲዮ፣ በስልክ መልእክትና በአረጋውያን ክበብ በአማርኛ ይነገር። ሲነገርም «ኦቫክ አለ» ብሎ ብቻ አይቁም። ሦስት ነገር ይንገረን፦ ምንድን ነው፣ አቧራ ወይስ ጢስ? የት ነው፣ ከፍ ብሎ የሚያልፍ ወይስ እኛው የምንተነፍሰው? እስከ መቼ ይቆያል? የአየር ባለሙያዎች ከሳተላይትና ወደ ሰማይ ከሚተኮስ የጨረር መሣሪያ ከፍታውን ማየት ይችላሉ። የሚያዩትን በሰው ቋንቋ ይንገሩን ነው የምንለው።

ደግሞ ለሰፈራችን ዛፍ እንጠይቅ፣ ለአረጋውያን ክበቡ የሚሠራ ማዝጋንና አየር ማጣሪያ እንጠይቅ። በሜዳ የሚቃጠል ቆሻሻ ሲታይ ወደ ኢሪያው የሚደውል አንድ ወጣት በየሕንጻው ይመረጥ። ይህ ልመና አይደለም፣ መብት ነው። ካልጠየቁ ግን የሚሰጥ የለም፤ ዝም ላለ አፍ ዝንብ እንኳ አይገባበትም ይባላልና።

የሰሃራን አቧራ ማንም አያግደውም። ተራራ ሲፈነዳም ከልካይ የለውም። ከመስኮታችን ሥር የሚነሳው ጢስ ግን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም እኛ ነን። እሱን ያጠፋን ቀን፣ ከላይ የሚደፋው አክምባሎ ከሥሩ የሚያፍነው ያነሰ ይሆናል። ለሳንባችን እረፍት፣ ለልጆቻችን ደግሞ የምናወርሰው ንጹሕ አየር ይሆናል።